«ንጹህ ሐር» ተብሎ የተሸጠልኝ ሳቲን

እህቴ ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት ጋውን ልሰፋላት ተነሳሁ። ሰፊ፣ ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ለማጥባት የሚመች። ጨርቁን ያዘዝኩት በኢንተርኔት ነው። ማስታወቂያው «ንጹህ ሐር» ይላል። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ፣ 3 ሜትር ገዛሁ።

እጄ ሲገባ ጠረጠርኩ። ብልጭልጭታው በዛብኝ። ከጠርዙ አንድ ክር መዘዝኩና ለኮስኩት። ሐር ሲቃጠል እንደ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። የኔው ቀለጠና እንደ ዶቃ ጠጠረ። ፖሊስተር! ሳቲን የአሸማመን ስም እንጂ የክር ስም አይደለም፤ ከሐርም ከፖሊስተርም ይሠራል። ሻጩ ይህን አጥቶት ነው ብዬ አላምንም።

ልመልሰው ነበር። ግን የደረቀ ጽጌረዳ የመሰለው ቀለሙ አሳሳኝ። ትከሻዬ ላይ ጣል ሳደርገው እንደ ውሃ ወረደ። በቃ፣ አስቀረሁት።

ስፌቱ ላይ ግን አሳሩን አበላኝ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው ዞር ከማለቴ ወለሉ ላይ ነው። ደርቤ የቆረጥኩት እጅጌ አንዱ ካንዱ በ1 ሴንቲ ሜትር ጠቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልደረብኩም። ከሥሩ ወረቀት አነጠፍኩና ጨርቁን ከነወረቀቱ ቆረጥኩት፤ ያኔ አደብ ገዛ። ማሽኑ ላይ የነበረው ወፍራም መርፌም ክር እየሳበ ጨርቁን አበላሸብኝ። አዲስ 70 ቁጥር ቀጭን መርፌ ስቀይርለት ዝም አለ። ስፒል ከስፌቱ መስመር ውጪ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ሰኩ፤ ቀዳዳው አይጠፋም።

የተቆረጠው ጠርዝ መተርተሩስ! ስለዚህ እያንዳንዱን ስፌት ሁለቴ ሰፋሁት። መጀመሪያ ጀርባና ጀርባውን ገጥሜ ሰፋሁ፤ ትርፉን 3 ሚሊ ሜትር አስቀርቼ ከረከምኩ፤ ከዚያ ገልብጬ ደገምኩት። ጥሬው ጠርዝ ውስጥ ተቀበረ። አድካሚ ነው፣ ግን አራስ ገላዋን ክር አይቆረቁራትም።

ካውያ ላይ አንገትጌው ጋ ቸኮልኩና ትንሽ ተኮማተረብኝ። እጥፋቱ ሥር ደበቅኩት። እስካሁን ያየው የለም።

መቀነቱ ከወገብ እየተንሸራተተ ስላስቸገረ ከጀርባ በኩል ሰፍቼ አሰርኩት። ከውስጥም ትንሽ ማሰሪያ ጨመርኩ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለውሸቱ ነው፣ ሌላውን ላብ ስለማይመጥ። ለጀማሪ አልመክርም። እህቴ ወተት ሲፈስበት ማሽን ውስጥ ወርወር ታደርገዋለች፤ ሐር ቢሆን እንዲህ አትደፍረውም ነበር። ቀን ላይ ግን ይሞቃታል፤ የምትለብሰው ማታ ማታ ነው።

ትናንት ደወለች። «ሁለተኛውን በጥጥ ስፊልኝ» አለችኝ። «ቀለሙ ግን ይሄው ይሁን።»