ባሕር ዳር የተጠቀለለ አውትፑት ትራንስፎርመር፦ ከስምንት ወር በኋላ

ቤት ውስጥ የሠራሁት ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቫልቭ ድምፅ የሚያጎላ) አሁን ባለበት ሁኔታ ስምንት ወር ሠራ። ቲዩቦቹ የሩሲያ 6ፒ14ፒ ናቸው፤ አውሮፓውያኑ ኢኤል84 የሚሉት ዓይነት። ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ። ፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተከፈተባት ባሕር ዳር የሩሲያ ዕቃ ማግኘት ብዙ አይገርምም። የምጽፈው ግን ስለ ቲዩቦቹ አይደለም። ገንዘቤንም እንቅልፌንም የበሉት አውትፑት ትራንስፎርመሮቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኤል84 በ250 ቮልት ሲሠራ 5200 ኦም አካባቢ ጭነት (ከፊቱ የሚገጥመው ተቃውሞ) ይፈልጋል። የኔ ስፒከር 8 ኦም ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ትራንስፎርመሩ ነው። 5200ን ለ8 አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ስትወስድ የሽቦው ዙር ሬሾ (የቲዩቡ በኩል ለስፒከሩ በኩል) 25.5 ለ1 ይመጣል።

ይህን ሳውቅ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። 220 ቮልትን ወደ 9 የሚቀንስ ተራ ፓወር ትራንስፎርመር ሬሾው 24 ከምናምን ነዋ! ገጠምኩት፤ ዘፈን ወጣ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባና በገና ከፈትኩ።

በገና ለትራንስፎርመር ክፉ ፈታኝ ነው። ወፍራሙ ጅማት ከታች ያጓራል፣ እንዚራው ከላይ ይነዝራል። ታችኛው ከተበላሸ ሽቦው የተጠቀለለበትን ብረት ጠርጥር፤ ላይኛው ከደበዘዘ አጠቃለሉን። የኔው ታች ላይ ተሰባበረ። በቲዩቡ የሚያልፈው 48 ሚሊ አምፒር ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ብረቱን አስቀድሞ በማግኔት አጥግቦታል፤ ለሙዚቃው ቦታ አልቀረም። ሁለት ቲዩብ በፑሽ ፑል (አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ) ቢሆን ዲሲው እርስ በርሱ ይጣፋል። በአንድ ቲዩብ ግን ብረቱ መሃል ክፍተት መተው ግድ ነው።

ገበያው አካባቢ ሞተርና ስታቢላይዘር የሚጠቀልሉ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የኢ ቅርጽ ያላቸው ቅጠሎች በሙሉ በአንድ በኩል ይሁኑ፤ ቀጥ ያሉት አይዎቹ በሌላ በኩል። መሃላቸው ወረቀት ይግባ።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሳጠላልፍ ነው የኖርኩት። ይኼ እንደ ንብ ነው የሚጮኸው።»

«ይጩህ ጋሼ» ብዬ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩ። የደብተር ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማግኔቱ በመሃለኛው እግርም በጎንም ሲዞር ሁለቴ ስለሚሻገረው 0.2 ይሆናል። ለቲዩቡ 2550 ዙር፣ ለስፒከሩ 100፤ መሃለኛው እግር 9 ካሬ ሴንቲ ሜትር።

የመጀመሪያው ጥንድ ታችኛውን ድምፅ አስተካከለው። እንዚራው ግን ጠፋ፤ በገናው ጋቢ የተከናነበ መሰለ። የስፒከሩን ጥቅል ከሁሉም በላይ ለብቻው ስለጠቀለሉት ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ፈተን እንደገና ጀመርን። የቲዩቡን ሦስት ቦታ ከፈልነው፣ የስፒከሩን ሁለት አድርገን በመሃል በመሃሉ አስገባነው። ጋሼ እጃቸውን በግማሽ ዋጋ አስከፈሉኝ። ያም ሆኖ ጠቅላላ ወጪዬ ከውጭ ለማስመጣት ካሰብኩት ግማሹን አልሞላም።

የገጠምኩ ማታ በገናውን ከፈትኩና እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ማን መጣ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልነካሁትም። ጉልበቱ በየጎኑ 5 ዋት አካባቢ ነው፤ ለሳሎን ይበቃል፣ ለሠርግ አይሆንም። አራት ሰዓት ሙሉ ከሠራም በኋላ ብረቱ ላይ እጄን ማሳረፍ እችላለሁ።

እንከኑስ? ነሐሴ ላይ ስፒከሩ ዝም ባለበት ብረቱ ራሱ መጮህ ጀመረ። ልክ እንደ ንብ። ብሎኖቹ ላልተዋል፤ ቫርኒሹን ደግሞ በችኮላዬ «ይቅር» ያልኩት እኔው ነኝ። ይዤ ስመለስ ጋሼ ምንም አላሉም፤ ሳቁ ብቻ። ቫርኒሽ ውስጥ ነክረው አደረቁት፣ ብሎኑን አጠበቁት። ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል።

ሌላው፣ ግራና ቀኙ መንታ አይደሉም። 24 ቮልት ኤሲ ሰጥቼ በቴስተር ስለካ አንዱ 0.94 ቮልት፣ ሌላው 0.91 አወጣ። ሦስት ዙር ያህል ተረስታለች ማለት ነው። ጆሮዬ ስለማይለየው ተውኩት።

አንድ ቀን ደግሞ ድመቷ የስፒከሩን ገመድ ነቀለችው። ዘፈኑ ከትራንስፎርመሩ ራሱ እንደ ትንኝ ይሰማል፣ በመሃል ጠሽ ጠሽ ይላል። ሮጬ አጠፋሁት። ጭነት ሲያጣ ቮልቴጁ ይወጣና የሽቦውን ልባስ ይበሳል። አሁን በስፒከሩ መሰኪያ ላይ 220 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በቋሚነት ተበይዷል። ይህን ከመጀመሪያው አድርጉት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬን ለሌላ ጥንድ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ሳንነግራቸው ኢውን ከአይው ለዩ። ቀጥሎ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ «ደብተርህን አምጣ።»