ለጡረታ ጉዞ፦ አሮጌ ሞተርሆም፣ አዲስ ቫን ወይስ ተጎታች ቤት?

ጡረታ ሲቃረብ ብዙ ሰው ሞተርሆም ያምረዋል። አልጋው፣ ማብሰያውና መጸዳጃው አብሮ የሚሄድ መኪና ነው። አዲሱ ግን ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ 15 ወይም 20 ዓመት ያገለገለውን ማየት ይጀመራል። እሱን ከሁለት ምርጫዎች ጋር አስተያዩት፤ አንዱ አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት አነስ ያለ አዲስ ቫን፣ ሌላው በመኪና የሚጎተት ቤት።

በግዢ ዋጋ አሮጌው ይመረጣል። አዲስ ሞተርሆም ዋጋው በጣም የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያንን ኪሳራ የቀድሞው ባለቤት ችሎታል። ሳይመቻችሁ ቀርቶ ብትሸጡት፣ ጉዳቱ እንደ አዲሱ ቫን አይከብድም።

ጥገና ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሞተርሆም መኪናም ቤትም ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ቤቱ ሊበሰብስ ይችላል። ዋና ጠላቱ ውሃ ነው። የጣሪያው መገጣጠሚያና የመስኮቱ ዙሪያ የታሸገበት ማስቲሽ ፀሐይ ሲመታው ደርቆ ይሰነጠቃል። ውሃው በዚያ ሾልኮ የውስጡን እንጨትና ኮምፔንሳቶ ይበላዋል። ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ጥጋጥጉን በእጃችሁ ተጫኑት። ወለሉን በእግራችሁ ፈትሹት። ከለሰለሰ፣ ግድግዳው ካበጠ፣ ወይም ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ሻጋታ ከሸተተ ትታችሁት ሂዱ። ሻጩ ዋጋ ቢቀንስም ሂዱ። የበሰበሰ ግድግዳ ማስጠገን ከመግዣው በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

«ብዙ አልተነዳም» የሚለውም አያጓጓችሁ። ለዓመታት የቆመ መኪና ጎሚኒው (የላስቲክ ክፍሎቹ) ይደርቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ በታንከሩ የቀረው ነዳጅ ይበላሻል። ጎማም ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ፈልጉ። 2319 ከሆነ በአውሮፓውያን 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። 10 ዓመት ካለፈው መልኩ ቢያምርም ይቀየር። ብዙ ሞተርሆም ደግሞ 6 ጎማ ነው ያለው፤ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ።

ተጎታች ቤት የራሱ ሞተር የለውም። አንድ የጥገና ራስ ምታት ቀነሰ ማለት ነው። ቤቱን አቁሞ በመኪናው ብቻ ገበያ መሄድም ይቻላል። ግን መኪናችሁ ያንን ክብደት እንዲጎትት የተሠራ መሆን አለበት። ማያያዙና ወደ ኋላ መንዳቱም ጉልበትና ልምምድ ይጠይቃል።

ዕድሜያችሁንም አስቡ። ከሹፌሩ ወንበር በላይ ያለ አልጋ በመሰላል ነው የሚወጣው። ዛሬ ቀላል ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ ሌሊት ለሽንት ሲወረድበት ሌላ ነው። ስትገዙ አልጋው ላይ ተኙ፣ ደረጃውን ደጋግማችሁ ውጡ፣ መታጠቢያው ውስጥ ገብታችሁ ዙሩ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም።

በዓመት ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ለምትወጡ፣ ተከራዩ እላለሁ። ጠንካራ መኪና ላላችሁ ተጎታቹ ይሻላል። ጥገና የሚያሰለቻችሁ ከሆነና አቅሙ ካለ ቫኑን ውሰዱ። ለወራት መንገድ ላይ ለሚኖር፣ ትንሽ ትንሽ ብልሽት በራሱ ለሚጠግንና የጥገና ገንዘብ ለይቶ ላስቀመጠ ሰው ግን፣ ደረቅና የጥገና ደረሰኙ የተሟላ አሮጌ ሞተርሆም ምርጫዬ ነው። እሱንም ጡረታ ከመውጣታችሁ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ግዙት። የተደበቀ ብልሽት ካለ በመጀመሪያው ዓመት ብቅ ሊል ይችላል፤ ያኔ ደመወዝ ገና አልተቋረጠም።