የስልክ ስሎው ሞሽን የእንስሳትን እንቅስቃሴ ለመመልከት ምን ያህል ይጠቅማል?

በብዙ ዘመናዊ ስልኮች ላይ የሚገኘው የስሎው ሞሽን ቀረጻ በአብዛኛው ለመዝናኛ የሚውል ቢሆንም፣ እዚህ የምገመግመው የእንስሳትን እንቅስቃሴ ለመመርመር በሚሰጠው ጥቅም ነው። በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲታይ አንዱ ሰከንድ ወደ 8 ሰከንድ ይረዝማል፤ ይህም ለአብዛኛው የእግር፣ የአንገትና የምላስ እንቅስቃሴ በቂ ነው።

ብቃቱ ጎልቶ የሚወጣው የእርግብ አረማመድ ሲቀረጽ ነው። በተለመደው ፍጥነት እርግብ ጭንቅላቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትነቀንቅ ትመስላለች፤ ቀረጻው ሲዘገይ ግን ጭንቅላቷ ወደ ኋላ እንደማይመለስ፣ ይልቁንም ሰውነቷ ወደ ፊት ሲያልፍ ባለበት ረግቶ እንደሚቆይና ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት እንደሚወረወር በግልጽ ይታያል። ዓይኖቿ በግራና በቀኝ የተቀመጡና በጉድጓዳቸው ውስጥ ብዙም የማይዞሩ በመሆናቸው፣ የምታየውን ምስል የማርጋቱን ሥራ በዝግመተ ለውጥ የተረከበው አንገቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ ጥናት እርግቦች በትሬድሚል ላይ ሲራመዱ፣ ማለትም በዙሪያቸው ያለው ነገር ወደ ኋላ ሳያልፋቸው ሲቀር፣ ንቅናቄው መቅረቱ ምክንያቱ እይታ መሆኑን አመልክቷል።

ድመትም ውኃ ስትጠጣ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል ስለምትልስ ለእያንዳንዱ ልሰት 60 ፍሬም ይደርሳል። የምላሷ ጫፍ የውኃውን ገጽ ነክቶ ሲነሣ ቀጭን የውኃ ዓምድ ይከተለዋል፤ ዓምዱ ተመልሶ ከመውደቁ በፊት አፏን ትገጥምበታለች። ውሻ ግን ምላሱን ወደ ኋላ አጥፎ ውኃው ውስጥ ስለሚያጠልቅ ዙሪያውን ይረጫል። (ድመት ከከፍታ ስትወድቅ እንዴት በእግሯ እንደምታርፍ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1894 በተከታታይ ፎቶግራፎች ስላሳየ፣ ማንም ድመቱን መጣል አያስፈልገውም።)

አቅሙ የሚያበቃው ነፍሳት ላይ ነው። የቤት ዝንብ ክንፏን በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ስለምታራግብ ለአንድ ርግብግቢት የሚደርሰው ከአንድ ፍሬም እምብዛም አይበልጥም፤ በዚህም የተነሣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዝግ ያለ የክንፍ እንቅስቃሴ ከተለያዩ ርግብግቢቶች በተወሰዱ ፍሬሞች የተገጣጠመ ሐሰተኛ እንቅስቃሴ ነው። በሰከንድ 960 ፍሬም እንቀርጻለን የሚሉ ስልኮች መፍትሔ ቢመስሉም፣ አንዳንዶቹ በዚያ ፍጥነት የሚቀርጹት ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንስሳ ደግሞ ቁልፍ እስኪጫኑለት አይጠብቅም። ከዚህም የከፋው፣ ሌሎቹ የጎደለውን ፍሬም በሶፍትዌር ግምት መሙላታቸው ነው። ለዳንስ ቪዲዮ ይህ ምንም አይደለም፤ እንስሳው በእውነት ያደረገውን ለማወቅ ለሚፈልግ ተመልካች ግን ያልተፈጸመን እንቅስቃሴ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን አማራጭ ትቶ በ240 መቅረጽ ይሻላል።

ቀረጻውን በፀሐይ ብርሃን ማካሄድም ግድ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኘው ቢበዛ ለ1/240 ሰከንድ በመሆኑ ቤት ውስጥ ምስሉ ይጨልማል፤ አንዳንድ አምፖሎችም ዓይን የማያስተውለውን ብልጭታቸውን ቀረጻው ላይ ጥለው ያልፋሉ።