መልሱን ማወቅ ብቻውን የማይበቃበት የእንቆቅልሽ መድረክ፦ ፐዝሊንግ ስታክ ኤክስቼንጅ

በስልክ ላይ የሚጫኑ የእንቆቅልሽ መተግበሪያዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። የአብዛኞቹ አሠራር ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ተጫዋቹ መልስ ያስገባል፣ መተግበሪያው ትክክል ወይም ስሕተት መሆኑን ይነግረዋል፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ ዓለምን ያዳረሰው ዎርድል እንኳ በስድስት ሙከራ ባለ አምስት ፊደል ቃል እንዲገኝ ከመጠየቅ አልፎ፣ ቃሉ በማሰብ ይገኝ ወይም በዕድል አይመረምርም። ፐዝሊንግ ስታክ ኤክስቼንጅ የሚባለው መድረክ ከእነዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በዚህ መድረክ መልሱን መናገር የሥራው ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ፈቺው ከሥዕሉ ወይም ከቃሉ ተነሥቶ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ፣ የትኛው ፍንጭ ወደ ምን እንደ መራው እያብራራ መጻፍ ይጠበቅበታል። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ዋጋ በሙሉ ከዚህ ልማድ የሚመነጭ ነው፤ ድክመቶቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ይህ ልማድ በሚላላበት ቦታ የሚታዩ ናቸው።

መድረኩ እ.ኤ.አ. በ2014 በሙከራ ደረጃ የተከፈተ ሲሆን፣ በ2008 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ከተቋቋመው ከስታክ ኦቨርፍሎው ተነሥተው ከበዙት የጥያቄና መልስ ድረ ገጾች አንዱ ነው። የተሠራበት ቅርጽ በመጀመሪያ ለእንቆቅልሽ የታሰበ አልነበረም። ፕሮግራም ጸሐፊ የሚጠይቀው የቸገረው ነገር ሲኖር ነው፤ እንቆቅልሽ የሚያቀርብ ሰው ግን መልሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚጠይቀው። ያም ሆኖ ቅርጹ ለእንቆቅልሽ በሚገባ ተስማምቶታል። እያንዳንዱ እንቆቅልሽ የራሱ ገጽ አለው፤ መልሶች ከሥሩ ይደረደራሉ፤ አንባቢዎች ድምፅ እየሰጡ የተሻለውን ወደ ላይ ያወጡታል፤ በመጨረሻም አቅራቢው ያሰበውን ባገኘው መልስ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያደርጋል። ለማንበብ ገንዘብም ሆነ አካውንት አያስፈልግም።

የመድረኩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የማብራራት ግዴታው ምን እንደሚመስል ለማሳየት በዚያው ስልት የሠራሁትን የአማርኛ ምሳሌ ልውሰድ። በግራ በኩል ቀይ ልብ፣ በቀኝ በኩል የባንክ ደብተር የተሣለበት ሥዕል ቀርቧል እንበል። በደብተሩ ላይ የመቶኛ ምልክትና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ፤ ከሥዕሉ በላይ «ሆኖ አያውቅም» የሚል ርእስ ተጽፏል። የቸኮለ ፈቺ «የልብ ቁጠባ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ልቡንም ደብተሩንም ተጠቅሟልና ሲያዩት የሚያስኬድ ይመስላል። ነገር ግን የመቶኛ ምልክቱ ለምን ተሣለ? ቀስቱስ? ርእሱ እዚያ ምን ሊሠራ ተቀመጠ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ከሥሩ በአስተያየት መስጫው ላይ አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ትክክለኛው ፈቺ እንዲህ ይጽፋል፦ የመጀመሪያው ሥዕል ልብ ነው፤ ሁለተኛው ባንክ በተቀመጠ ገንዘብ ላይ በመቶኛ እያሰላ የሚጨምረው ወለድ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ልብ ወለድ ይሆናሉ፤ ርእሱም ያልሆነ ነገር እንደ ሆነ ተደርጎ የሚተረክበት ጽሑፍ መሆኑን ያረጋግጣል። ትርፍ የቀረ መስመር የለም። በመድረኩ ጥሩ የሚባል ሥዕላዊ እንቆቅልሽ ይህን የመሰለ ነው፤ የተሣለው ሁሉ ሥራ አለው፣ ሥራ የሌለው አልተሣለም።

በቃላት እንቆቅልሽም መለኪያው አይለወጥም። «ፊደሎቼ አራት ናቸው። ሙሉ ስሆን ነፋስ አስገባለሁ፤ የፊተኛው እኩሌታዬ ሲቆረጥ ብርድ እከላከላለሁ» የሚል እንቆቅልሽ ቢቀርብ «ጃንጥላ» የሚል መልስ መምጣቱ አይገርምም። ፊደሉ አራት ነው፤ የፊተኛው እኩሌታ ሲቆረጥ «ጥላ» ይቀራል። ግን ጃንጥላ ነፋስ አያስገባም፤ ጥላም የሚከላከለው ፀሐይን እንጂ ብርድን አይደለም። ስለዚህ ቅርጹን አሟልቶ ትርጉሙን የሳተ መልስ ነው። «መስኮት» ሲባል ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ መስኮት ነፋስ ያስገባል፣ ሲቆረጥ የሚቀረው «ኮት» ብርድ ይከላከላል። የሁለቱን መልሶች ልዩነት በጽሑፍ ማስቀመጥ ለፈቺው ጥቂት ድካም ይጨምርበታል፤ ለሚያነበው ግን ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። እንቆቅልሽ መፍታት የማይችል ሰው እንኳ እንዲህ የተጻፉ መልሶችን አዘውትሮ ቢያነብ፣ ከጊዜ በኋላ አቅራቢ የሚደብቅበትን ቦታ መለየት ይጀምራል።

ይህ ጥብቅነት መድረኩ የፈጠረው አይደለም። አርተር ዊን ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ካወጣው ጨዋታ የጀመረው ክሮስወርድ ወደ ብሪታንያ ከተሻገረ በኋላ፣ ትርጉምንና የፊደል ጨዋታን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያጣምር የተሸፋፈነ ፍንጭ ወልዷል። ዚሚኒዝ በሚል የብዕር ስም ይሠራ የነበረው ዲ. ኤስ. ማክነት ለዚህ ዓይነቱ ፍንጭ ሕግ ያበጀለት ሲሆን፣ የሕጉም ፍሬ ነገር ፍንጩ ትክክለኛ ትርጉም፣ ወደ ፊደሎቹ በቅንነት የሚመራ ሁለተኛ ጥቆማ፣ ከእነዚህም ውጭ ምንም ሊኖረው እንደማይገባ ነው። በፐዝሊንግ ላይ የተሸፋፈነ ፍንጭ የሚያቀርቡ ሰዎች የሚመዘኑት በአብዛኛው በዚህ ሕግ ነው፤ አንዲት ትርፍ ቃል ያስገባ አቅራቢ በትሕትና፣ አንዳንዴም ያለ ብዙ ትሕትና፣ ይነገረዋል።

ኖኖግራም ለሚባሉት የሥዕል ሎጂክ እንቆቅልሾች ደግሞ ማብራሪያው ሌላ መልክ ይይዛል። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በጃፓን የተፈጠሩ፣ ስማቸውንም ከፈጣሪያቸው ከኖን ኢሺዳ ያገኙ ሲሆኑ፣ በየረድፉና በየዓምዱ ዳር ያሉት ቁጥሮች ስንት ተከታታይ ካሬዎች መጥቆር እንዳለባቸው ይናገራሉ። ዐሥር ካሬ ባለው ረድፍ ላይ 8 የሚል ቁጥር ቢኖር፣ ጥቁሩ መስመር ከግራ ጫፍም ይጀምር ከቀኝ ጫፍ፣ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ስድስት ካሬዎች በማናቸውም ሁኔታ መጥቆራቸው የማይቀር ነው። በመተግበሪያ ላይ ቢሆን ተጫዋቹ እየሞከረና እየሰረዘ ወደ ሥዕሉ ይደርስ ነበር። እዚህ ግን ጥሩው ፈቺ ሰሌዳውን ደረጃ በደረጃ በሥዕል እያሳየ፣ እያንዳንዱ ካሬ ለምን ሌላ ሊሆን እንደማይችል እየጻፈ ይሄዳል። አድካሚ ነው። መልሱ አንድ ብቻ መሆኑን የሚያረጋግጠውም ይኸው አጻጻፍ ስለ ሆነ፣ በዚህ ዓይነቱ እንቆቅልሽ የመድረኩን ያህል ያረካኝ አገልግሎት የለም።

ለራሱ መፍታት የሚፈልገው አንባቢ በሌላው መልስ ደስታው እንዳይበላሽበት የተደረገው ዝግጅትም የሚመሰገን ነው። የመልሱ ዋና ዋና ክፍሎች በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ ይጻፋሉ፤ አንባቢው ሲፈልግ ብቻ ይገልጣቸዋል። ልምድ ያለው መላሽ መልሱን በሙሉ በአንድ ሳጥን ከመሸፈን ይልቅ ፍንጭ በፍንጭ ስለሚከፋፍለው፣ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ሰው አንዱን ብቻ ገልጦ ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል። አስተያየት መስጫው ግን መሸፈኛ የለውም። ስለዚህ አባላቱ ሮት13 የሚባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ከእሱ 13 ቦታ ርቆ ባለው ይተካል፣ ፊደሎቹም 26 ስለ ሆኑ ያው አሠራር ሲደገም ጽሑፉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። (በእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የፊደሎቹን ብዛት መስማማት ይኖርበታል።) አዲስ ሰው ይህን ሳያውቅ ሲገባ ገጹ በማይነበብ ጽሑፍ የተሞላ ይመስለዋል፤ መድረኩ ስለዚህ ነገር በግልጽ አለማስረዳቱ አላስፈላጊ ግርታ ይፈጥራል።

ነጥብ አሰጣጡን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንድ የድጋፍ ድምፅ 10 ነጥብ፣ ተቀባይነት ያገኘ መልስ 15 ነጥብ ያስገኛል፤ የተቃውሞ ድምፅ 2 ነጥብ ያስቀንሳል። የድጋፍ ድምፅ ለመስጠት 15፣ በሌሎች ሰዎች ገጽ ላይ አስተያየት ለመጻፍ 50 ነጥብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ገደብ ማስታወቂያ ለጣፊዎችን ለመከላከል ቢጠቅምም፣ አዲስ የገባ ቅን ፈቺ «ይህ ፍንጭ አሻሚ ነው» ብሎ መጠየቅ ሲያምረው ከመልስ መስጫ በቀር የሚጽፍበት ቦታ ያጣል፤ በዚያ ሲጽፍ ደግሞ መልስ አይደለም ተብሎ ይሰረዝበታል።

ከባዱ ድክመት ጥድፊያው ነው። ቀለል ያለ ሥዕላዊ እንቆቅልሽ ወይም አጭር የቃል ጨዋታ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል፤ ሽልማቱም ለቀደመው ይሰጣል። ስለዚህ አንዳንዶች መጀመሪያ መልሱን በአንድ መስመር ለጥፈው ማብራሪያውን በኋላ ያሟላሉ። ሥርዓቱ ይህን አይከለክልም። ነገር ግን በጥንቃቄ ሲጽፍ የቆየው ሰው ሙሉውን ማብራሪያ ይዞ ሲደርስ አረንጓዴው ምልክት ሌላ ቦታ ተቀምጦ ያገኘዋል፤ መድረኩን ከሌሎች የለየው ልማድ የሚሸረሸረውም በዚህ ነው። አቅራቢዎች ምልክቱን ከማድረጋቸው በፊት አንድ ቀን ያህል ቢታገሡ ነገሩ በአብዛኛው በተቃለለ ነበር፤ አንዳንዶቹም እንዲህ ያደርጋሉ።

ሌላው እንቅፋት የባህል ነው። እንግሊዝኛን አሳምሮ የሚያነብ ሰው እንኳ በንግግር ብቻ በሚታወቁ ፈሊጦች፣ በቴሌቪዥን ትዕይንቶችና በስፖርት ቡድኖች ቅጽል ስሞች ላይ የተመሠረቱ እንቆቅልሾች ፊት መቆሙ አይቀርም። ለዚህ መፍትሔው መለያዎቹን መጠቀም ነው። እያንዳንዱ እንቆቅልሽ ዓይነቱን የሚናገር መለያ ስለሚለጠፍበት፣ ውጫዊ ዕውቀት የሚጠይቁትን ወደ ጎን ትቶ የሰሌዳ ሎጂክን፣ ሒሳብን ወይም ሥዕልን ብቻ መርጦ መከታተል ይቻላል። በስልክ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሰፋፊ ሰሌዳዎችና ደቃቅ ዝርዝር ያለባቸው ሥዕሎች ይቸግሩታል፤ ለእነዚህ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ የተሻለ ነው።

ኮምፒውተር ይፍታው ወይስ ሰው የሚለው ጥያቄ በመድረኩ ላይ በመተማመን የሚያዝ ጉዳይ ነው። ያለ ኮምፒውተር እርዳታ እንዲፈታ የሚጠይቅ መለያ አለ፤ ሆኖም ፈቺው በጓዳው ምን እንደ ተጠቀመ የሚቆጣጠር የለም። እዚህም ላይ የሚያድነው የማብራራት ግዴታው ነው። የቃላት ዝርዝር በፕሮግራም አስፈልጎ «መስኮት»ን ያገኘ ሰው ነፋሱንና ብርዱን ካላብራራ ድምፅ አያገኝም። ከሌላ ቦታ የተወሰደ እንቆቅልሽ ምንጩ ካልተጠቀሰ፣ ገና ካልተዘጋ ውድድር የተወሰደም ከሆነ፣ ተቀባይነት የለውም። መልሱ ብዙ ሊሆን የሚችል፣ አቅራቢው በልቡ ያሰበውን ከመገመት በቀር መንገድ የሌለው ጥያቄም ይዘጋል። ይህን እንደ ጭካኔ የሚያዩ አዲስ አቅራቢዎች አሉ፤ እኔ ግን አገልግሎቱ ለፈቺው ጊዜ ያለውን አክብሮት የሚያሳይ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው የዕለቱን አዳዲስ እንቆቅልሾች ከሚያሳየው የፊት ገጽ ይልቅ መልስ ያላገኙት ወደሚዘረዘሩበት ክፍል ቢገባ ይሻለዋል። እዚያ ጥድፊያ የለም። ለዓመታት የቆዩ ሥዕሎች፣ ብዙዎች ሞክረዋቸው በከፊል ብቻ የተፈቱ የቃላት ሰንሰለቶች ይገኛሉ፤ ከሥራቸው ያሉት ያልተሟሉ ሙከራዎችም የትኛው መንገድ እንደማያስኬድ አስቀድመው ይጠቁማሉ። አንድ እንቆቅልሽ በጣም ካጓጓውና ብቻውን ካልቻለው፣ ቢያንስ 75 ነጥብ ያከማቸ አባል ከራሱ ነጥብ ከ50 እስከ 500 ድረስ ቀንሶ ለሚፈታው ሰው ሽልማት መመደብ ይችላል። ሽልማቱ ለሰባት ቀናት በልዩ ዝርዝር ላይ ይታያል፤ የተረሳውን እንቆቅልሽም እንደገና የብዙ ሰው ዓይን ያየዋል። ፈቺ ባይገኝ ግን የተመደበው ነጥብ ለባለቤቱ አይመለስም።