«ለ7 ቀን በነፃ» ብሎ 60 ዶላሬን በላኝ

ብርዱ ከብዷል። ቅዳሜ ማታ ጋቢ ደርባችሁ፣ ፈንዲሻ ይዛችሁ የድሮ እንግሊዝ ድራማ ልታዩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይችን አንብቡ። ድራማዎቹ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እንደውም ሱሰኛ ነኝ። እኔን ያቃጠለኝ የሚሸጡበት መንገድ ነው።

ባለፈው ጥር እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ሜሪላንድ ነበረች። ውጭው በረዶ ነው። ቤት መዋል ሰልችቷታል። «ዳውንተን አቢ»ን ላሳያት አልኩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2015 የተላለፈ፣ 6 ሲዝን፣ 52 ክፍል ያለው ድራማ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1912 የታይታኒክ መስጠም ሲሰማ ነው። የትልቁ ቤት ወራሽ አብሮ ሰጥሟል። የቤቱ ጌታ ደግሞ ሦስት ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ የለውም፤ ቤቱና መሬቱ ለሴት አይተላለፍም።

ይህን እየተረጎምኩላት አቋረጠችኝ። «የርስት ክርክር ነው በይኛ! ምን ታስረዝሚዋለሽ?» አለች። ቀጥላም «እኛ አገር እኮ ሴትም እኩል ትወርሳለች» ብላ እንግሊዞቹን ታዘበቻቸው። ማጊ ስሚዝ የምትጫወታትን አሮጊት ወይዘሮማ እንደ ዘመዷ ነው የያዘቻት። «እቺ ሴትዮ ሰምና ወርቅ ነው የምታወራው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ቡናው ሳይጠጣ ገና ሶፋው ላይ ቀድማኝ የምትቀመጠው እሷ ሆነች።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ማስታወቂያው የመጣው ስልኬ ላይ ነው። የአንድ ቻናል ነው፣ ስሙ ይቅር። «ለ7 ቀን በነፃ ይሞክሩ፣ ከዚያ በወር 4.99 ዶላር» ይላል፣ በትልቁ። የዳውንተን ፎቶም አለበት። ቴሌቪዥኑ ላይ በሪሞት ገባሁ። ካርዴ ድሮም እዚያ ስለተመዘገበ «እሺ» የሚለውን መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። ከሥር በግራጫ፣ በደቃቃ ፊደል «በዓመት አንዴ በሙሉ የሚከፈል» የሚል ነበረበት። እሱን ያነበብኩት ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ቀንም ማታም አይተን በአምስት ቀን ሁለት ሲዝን ጨረስን። ሦስተኛውን ስከፍት የቁልፍ ምልክት መጣ። ለካ እነሱ ጋ ያለው ሁለቱ ብቻ ነው። ለቀሪው ሌላ ቻናል ጨምሪ፣ በወር 7 ዶላር። ሁለተኛው ሲዝን ያለቀው ደግሞ ትልቋ ልጅ ለጋብቻ ተጠይቃ እሺ ስትል ነው። እማዬ «ሠርጉን ሳላይማ አልሄድም!» አለች። እናት አይደለች፣ ምን ላድርግ፤ ከፈልኩ።

በስድስተኛው ቀን የመጀመሪያውን አፕ ከቴሌቪዥኑ ላይ አጠፋሁት። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ከባንክ መልእክት መጣ። 59.88 ዶላር።

ድረ ገጻቸው ላይ ገባሁ፤ «በዚህ ኢሜይል የተመዘገበ ሰው የለም» ይለኛል። የተመዘገብኩት በቴሌቪዥኑ በኩል ስለሆነ እነሱ አያውቁኝም። ብሬን ግን ያውቁታል። በጽሁፍ አናገርኳቸው። አርባ ደቂቃ አስጠብቀው «ስለተፈጠረው ነገር እናዝናለን፣ ዓመታዊ ክፍያ ተመላሽ አይደረግም» አሉኝ። ባንኩም «እርስዎ ፈቅደዋል» አለ። እውነቱን ነው፣ ፈቅጃለሁ።

ስለዚህ ስሙኝ። አፕ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽን ማቋረጥ አይደለም። የምትወጡት በገባችሁበት በር ነው። በአይፎን ከገባችሁ ሴቲንግ ውስጥ ስማችሁን ነክታችሁ «ሰብስክሪፕሽንስ» የሚለው ጋ ሂዱ። ሙከራው ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው መሰረዝ አለበት። በአንድሮይድ ጎግል ፕሌይ ውስጥ ነው። በአማዞን በኩል የተጨመረ ቻናል የሚሰረዘው ከአማዞን አካውንታችሁ ነው። በቴሌቪዥን ከሆነ እንደኔ የቴሌቪዥኑን አካውንት ፈልጉ። ካርድ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ስንት ሲዝን እንዳለ ቁጠሩ። ፎቶው ተለጠፈ ማለት ሙሉው አለ ማለት አይደለም።

በስም የሚመሳሰሉትንም ተጠንቀቁ። «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ሲሏችሁ የትኛው? ኮሊን ፈርዝ ያለበት የቢቢሲው የ1995 ሥራ 6 ክፍል ነው፤ ለረዥም ማታ እሱ ነው። ኪራ ናይትሊ ያለችበት የ2005ቱ የሁለት ሰዓት ፊልም ነው። እሱም ያምራል፣ ግን ስድስት ሰዓት ልትቀመጡ ተዘጋጅታችሁ በሁለት ሰዓት ሲያልቅባችሁ ያናድዳል። «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ» ላይ ደግሞ እኔው ራሴ ተሸውጃለሁ። የምፈልገው የ2004ቱን የቢቢሲ ነበር፤ 4 ክፍል ነው፣ የጥጥ ፋብሪካ፣ አድማ፣ ፊቱን የማይፈታ ባለፋብሪካ። ተከራይቼ ስከፍተው ፈረስ፣ መድፍና የአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት! የ1985ቱ የአሜሪካኖቹ ነበር። ዓመተ ምህረቱን እዩ።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ የላይብረሪ ካርዳችሁ የት አለ? ብዙ ላይብረሪዎች ካኖፒ ወይም ሁፕላ የሚባሉትን የፊልም ማያ አፖች በነፃ ይሰጣሉ። ያለ ማስታወቂያ ነው፣ የባንክ ካርድም አይጠየቅም። ለአካባቢያችሁ የፒቢኤስ (የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን) ጣቢያ በየወሩ ትንሽ ከለገሳችሁ ደግሞ «ፓስፖርት» የሚሉትን ይከፍቱላችኋል፤ የእንግሊዝ ድራማ እዚያ ሞልቷል።

እኛም የ7 ዶላሩን ቻናል ትተን የቀረውን የጨረስነው ከሰፈራችን ላይብረሪ በተዋስነው ዲቪዲ ነው። ሠርጉን አይተናል። የሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ እማዬ ግን እኔ የጻፍኩት ይመስል ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። አገሯ ከገባች በኋላ እሁድ እሁድ ስትደውል አሁንም ትጠይቀኛለች፦ «ያ ዶላርሽን የበላው ሰውዬ መለሰልሽ?»