ለገና ወደ ዘጌ «ሁሉን ያካተተ» ጉብኝት ልትከፍሉ ያሰባችሁ ይህን አንብቡ

ባሕር ዳር ያላችሁም፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ የምትመጡም፣ በቴሌብር ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ቆም በሉ። ጣና ዳር ወዳለችው ዘጌ የሚወስድ፣ «ገናን በጥንታዊ ቤት» የሚል የጉብኝት ማስታወቂያ በቴሌግራም እየዞረ ነው። በሰው 2,500 ብር። ጀልባ፣ አስጎብኚ፣ የገዳማት መግቢያ፣ ምሳ፣ ለበዓሉ ያጌጠ የድሮ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ይላል። እኔና እህቶቼ ከፍለን ሄድን። ያገኘነው ሌላ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ክብራን ገብርኤል የሚባለው የጣና ደሴት ገዳም አለ። ከሴቶች ጋር እንደምሄድ እየነገርኩት ወኪሉ «ችግር የለም» ብሎ ነው ብሩን የተቀበለኝ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። ይሄ የገዳማቱ ሥርዓት ነው፣ በእነሱ ቅሬታ የለኝም፤ ግን ጣና ላይ ሰው አስጎበኛለሁ የሚል ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም። እህቶቼ ጀልባው ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆዩ፣ ከሒሳባቸው ግን አምስት ሳንቲም አልተቀነሰም።

ዘጌ ያለው ገዳም ኡራ ኪዳነ ምሕረትም መግቢያውን ከኪሳችን ከፈልን። ለነገሩ አልቆጨንም፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሞላው ሥዕል ብቻውን ድካም ያስረሳል።

እኔን ያንገበገበኝ ቤቱ ነው። ዘጌ በቡና የኖረ አገር ነው። ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ በመቆየቱ ነው ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው። የድሮ ቤት ማየት የፈለግነውም ይህን ኑሮ ለማየት ነበር። በሩ ላይ የተቀበለን የፕላስቲክ የገና ዛፍ ነው፣ በረዶ እንዲመስል ጥጥ ተለጥፎበት። ወለሉ ላይ ቄጤማ እንኳ አልተጎዘጎዘም። ሙቀጫው በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። መብራት ለማንጠልጠል ብለው ምሰሶው ላይ ሚስማር መትተዋል፣ ስንት ትውልድ የተደገፈው እንጨት ላይ! ከአንዱ ሚስማር በታች ተሰንጥቋል፣ ጥፍሬን አስገብቼ አይቼዋለሁ። የድሮ ዕቃው ያለበት ክፍል ደግሞ ተቆልፏል። ቤቱን የሚጠብቁትን እናት «እማማ፣ ይሄ አይከፈትም?» ስላቸው፣ «ቁልፉማ እኔ ጋ ነው ልጄ፣ ያመጣችሁ ሰው የከፈለው ለዚህች ለሳሎኗ ብቻ ነው» አሉኝ።

ምሳው የጾም በያይነቱ ተብሎ ቀዝቃዛ ሽሮ ሆነ። እሱን ተዉት። መመለሻው ነው ያስፈራኝ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ በጠዋት ሄዶ በጊዜ መመለስ ነው የሚሻለው። እኛ ግን ሌላ ቡድን ጠብቁ ተብለን ዘግይተን ተነሳን፣ ማዕበሉ ጀልባውን ሲያንገላታው ለሁላችን የሚበቃ ላይፍ ጃኬት አልነበረም። ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር እስክንደርስ ጸሎት ላይ ነበረች።

ወኪሉን ገንዘቤን ስጠይቀው «የተከፈለ አይመለስም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስልክም አያነሳም። ደረሰኝ አልሰጠንም።

ዘጌን ግን አትተዉት። በመኪናም ይኬዳል። በጀልባ ከሆነ ወደቡ ድረስ ሄዳችሁ ከጀልባው ሰው ጋር ራሳችሁ ተነጋገሩ፣ ጃኬቱን ቆጥራችሁ ተሳፈሩ። በወኪል ከሆነ የትኞቹ ገዳማት እንደሚገቡ፣ መግቢያውን ማን እንደሚከፍል፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ በጽሑፍ ያስፍርላችሁ፣ ሙሉውንም ቀድማችሁ አትላኩ። ለታኅሣሥ 29 ከፍላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁት። ካላነሳ የቴሌብሩን ማረጋገጫ አታጥፉት፣ ንግድ ቢሮ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የእኔን አስገብቻለሁ።