ሞተር እየጠፋ ሲያስቸግር፦ በስካነር ይታይ ወይስ በእጅ ይፈተሽ?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርዱ ሞተር ቢጠፋ አደጋ ነው። ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪው ይከብዳል። ችግሩን ደብረ ማርቆስ ሳሉ መለየት ይሻላል።

ስካነር፣ ማለትም ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ፣ ፈጣን ነው። የሞተር መብራት ከበራ ኮዱን ያወጣል። ለምሳሌ ፒ 0171 ማለት አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል ነው። ብዙ ሰው ወዲያው የኦክስጅን ሴንሰር ይቀይራል። ጥፋቱ ግን የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የተደፈነ የነዳጅ ማጣሪያ ወይም የደከመ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ በከንቱ ይወጣል! ከ1996 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች ደግሞ የዛሬውን ስካነር አይቀበሉም።

በእጅ መፈተሽ ጊዜ ይወስዳል። ለአሮጌ መኪና ግን እኔ ከዚህ እጀምራለሁ። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ያሠሩትና ጆሮ ይስጡ። ቱቦዎቹ አካባቢ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ አየር እየገባ ነው። ኢጂአር ቫልቭ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) በጥላሸት ተይዞ ክፍት ከቀረ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይስተካከላል። ብዙ ጊዜ አውጥቶ ማጽዳት ይበቃዋል። ጭሱንም ይዩ። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ግን ስካነሩ ይቅደም። የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ሊሆን ይችላል፤ እሱን ጆሮ አይለየውም።